የቆመች መኪና ያመጣችው ቤንዚን

ባጃጅ ሲሞት የሚያሰማውን ድምፅ የለየሁት ያን ሳምንት ነው። መጀመሪያ ያስላል፤ ቀጥሎ ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ከዚያ ዳገቱ መሀል ቀጥ ይላል። ሹፌሩ ይወርድና አንዴ ሞተሩን አንዴ ሰማዩን ያያል። ቤታችን ደሴ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ካለው ቁልቁለት ዳር ስለሆነ የሚወጣውም የሚወርደውም ከመስኮታችን አያመልጥም። የመጀመሪያው ባጃጅ ሲቆም ማንም ግድ አልሰጠውም። ሁለተኛው ሲቆም ሰው ሳቀ። ሌሎቹ ተከታትለው ሲቆሙ ግን መንደርተኛው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ በር አዞረ። ለሁሉም ቤንዚን የሸጥኩላቸው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ፣ ማታ ሐረጎን መውጣት። እናቴ ወገቧ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ስትይዝ ሥራውን ትቼ ቤቴ ገባሁ፤ ከእኔ ከሴት ልጇ ሌላ የሚያገላብጣት ሰው የላትም። ቤንዚን በጠፋበት ጊዜ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ምን ይሸጣል? ቤንዚን ይሸጣል። በፕላስቲክ ጠርሙስ እየቀዳሁ ከበሩ ውስጥ ሆኜ እሸጥ ነበር። ክልክል መሆኑን አላጣሁትም። ክልክል ነው እያሉ የሚመክሩኝ ሰዎችም ታንከራቸው ሲደርቅ የሚያንኳኩት የእኔን በር ነበር፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ማንም ባይመክረኝ ደስ ይለኛል።

ቤንዚኑን የሚያመጡልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ሬሳ ያነሳል፣ ድንኳን ይተክላል፤ ግን በዚያ ብቻ አያበቃም። ሰፈር ውስጥ ጥፋት ሲጠፋ ሰው ሰብስቦ ያወጣጣል፣ አጥፊውን ይቀጣል፣ አልመለስ ያለውን ያስወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤት ለቅሶ አይደረስም። ሬሳው ትከሻ አያገኝም። ዳኛችንን ሁላችንም «አብዬ» እንላቸዋለን። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ነጭ ኮፍያቸው ላይ እድፍ፣ አንደበታቸው ላይ ክፉ ቃል አይቼ አላውቅም።

አብዬ አንዲት ሰማያዊ አሮጌ የቤት መኪና አለቻቸው። ሞተሯ ከተነሳ ስንት ዘመኑ እንደሆነ እሳቸውም የሚያስታውሱት አይመስለኝም። ታንከሯ ግን ደህና ነው። ማደያ ነዳጅ ገባ በተባለ ቁጥር የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች «የአብዬ መኪና ወረፋ አይጠብቅም» ይሉና ተሰብስበው፣ እየተሳሳቁ፣ ሽቅብ እስከ ማደያው ይገፉላቸዋል። ከሞላች በኋላ አብዬ መሪውን ጨብጠው፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ እያደረጉ በቁልቁለቱ ይንከባለላሉ። እኔ በር ላይ ሲደርሱ ጠምዘዝ ያደርጓትና ግቢዬ ትገባለች። የእሳቸው በር ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ እኔ ጋ እንደምታድር ሰው ሁሉ ያውቃል። በሩ ከተዘጋ በኋላ በጎማ ቱቦ እየሳብን ወደ ጀሪካን እንደምንቀዳ ግን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። የቅሬ ዳኛ ቤንዚን ይቸረችራሉ ከሚባል፣ አብዬ መኪናዋ ብትነድ ይመርጣሉ። የማትሄድ መኪና ቤንዚን ምን ያደርግላታል ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር እንዳትሉኝ። አልነበረም። እኛ ሰፈር ሽማግሌ ይገፋለታል እንጂ አይጠየቅም።

ማደያው ለብዙ ጊዜ ደርቆ ከርሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቦቴው በኮምቦልቻ በኩል ሐረጎን ወጥቶ መጣ ተባለ። ከተማው እንደ ሰርግ ቤት ተንጫጫ። መብራት አልነበረም። ጄኔሬተር ተነሳና ጥቂት መኪና እንደሞላ ጄኔሬተሩም አስቸገረ፤ ገመድ ተዘረጋና ሰልፉ ተበተነ። ከሰፈራችን የደረሳት የአብዬ መኪና ብቻ ነበረች። እሷም እንደ ልማዷ ድምፅ ሳታሰማ ግቢዬ ገባች፤ እኛም እንደ ልማዳችን ቀዳን። በማግስቱ ጠዋት ሸጬ ጨረስኩ። ደስ ብሎኝም ነበር።

ከዚያ ሳሉ፤ ጨሱ፤ ቆሙ።

ከሁሉ የከፋው የጎረቤቴ ነው። ግድግዳ የምንጋራ ሰዎች ነን። እናቴ ሕመሟ በጠናባት ቀን ሁሉ በባጃጁ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው፤ ሒሳብ ስጠይቀው ይቆጣል። የሱ ባጃጅ እንደሌሎቹ ቆማ ብቻ አልቀረችም፤ እሱም ግትር ስለሆነ ደጋግሞ ሊያስነሳት ሲታገል ሞተሯ ነከሰ፤ ጭራሽ አልዞር አለ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው መካኒክ ካንዴላውን ፈትቶ አየው፤ ጠቁሯል። ከታንከሩ ትንሽ ቀድቶ መዳፉ ላይ አፈሰሰ። ቤንዚን ቢሆን ወዲያው በንኖ ይጠፋ ነበር። ይሄኛው መዳፉ ላይ ቅባት ሆኖ ተኛ።

«ተቀላቅሏል» አለ መካኒኩ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ቤንዚን ላይ ነጭ ጋዝ እየደባለቁ የሚሸጡ ቸርቻሪዎች እንዳሉ ማን የማያውቅ አለ?

ጎረቤቴ መጥቶ በራፌ ላይ ቆመ። እጁ እስከ ክንዱ በግራሶ ተለውሷል።

«ምን በደልኩሽ?» አለኝ።

ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ መመለስ እችልበታለሁ። «ወላሂ አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድነው የገደላት?»

አልጨመርኩም፤ ይህን አውቃለሁ። ሞተሮቹ ደግሞ ጨምረሻል ይላሉ። ሞተር ምቀኛ አይደለም፣ አይዋሽም። ታዲያ ማን ነው የሚዋሸው?

ያን ቀን ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ አሸተትኩ። ሁሉም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ፤ ግን እኔ ራሴ፣ ቀሚሴም ሻሼም፣ ቤንዚን ቤንዚን እሸት ስለነበር ማሽተቴ ትርጉም አልነበረውም። አንደኛው ጀሪካን ድሮ ነጭ ጋዝ ይዞ ነበር እንዴ? አይደለም፣ ያ አረንጓዴው ነው፤ አረንጓዴው ደግሞ ከተሰበረ ቆይቷል። ወይስ የተሰበረው ሌላው ነው? ሽሮ ልሠራ ዘይት ሳነሳ እጄ ላይ ያለውን ጠርሙስ ትክ ብዬ ማየት ጀመርኩ። የገዛ እጄን ጠረጠርኩ። ሰው ተኝቶ እየተነሳ ሥራ ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁና፣ እኔም እንዲህ ሆኜ ይሆን እስከማለት ደረስኩ።

ቀጥዬ አብዬን ጠረጠርኩ። ከሰዓት በኋላ መኪናቸውን ለማየት በሚል መጡ። መኪናዋን አላዩዋትም። ግቢው መሀል ቆመው ጀሪካኖቹን ነው ያዩት።

«ልጄ፣» አሉ፣ «እነዚህን በምን ታጥቢያቸዋለሽ?»

«በምንም አላጥባቸውም አብዬ። ቤንዚን ወጥቶ ቤንዚን ነው የሚገባባቸው።»

«ኸይር» አሉ።

«አብዬ፣ የአንቱ መኪና ታንከር ውስጥ በፊት የቀረ ነገር ነበር እንዴ?» አልኳቸው እኔም በተራዬ።

«ምን ሊቀር?»

«እንጃ። እንዲያው ነው።»

«አላህ ያውቃል» አሉና ወጡ። እሳቸው እኔን ጠርጥረዋል፣ እኔ እሳቸውን ጠርጥሬአለሁ። ማደያው ከሁለታችን የአንዳችንም አሳብ ውስጥ አልገባም። ማደያ ቆጣሪ አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ ደንብ የለበሰ ቀጂ አለው። ጥፋት ከተፈለገ የሚፈለገው ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ነው። መኪናዋም ቆማ የምታድር፣ ቆማ የምትውል ሆና ነው እንጂ ሞተሯ ቢነሳ ኖሮ እሷም ስላ፣ ጨሳ፣ ቆማ ትመሰክርልን ነበር።

ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ድንኳኑና ቃሬዛው የሚቀመጥበት ቤት ደጃፍ ነው የምንሰበሰበው። አውጫጭኝ ነው የተጠራው። አውጫጭኝ ሲጠራ ማንም ሰው እቤቱ አይቀርም፤ ሁሉም በተራው ያየውን የሰማውን ያወጣል፤ ዝም ያለ እንዳጠፋ ይቆጠራል። ባጃጅ ነጂዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ሁሉም ያሉት አንድ ነው፤ «ከእሷ ገዛሁ፣ ቆመብኝ።» ጎረቤቴ መጨረሻ ላይ ተነሣ። እኔን ሳያየኝ ተናገረ።

«እኔ ካሳ አልጠየቅኩም። ብቻ ከየት እንዳመጣችው ትናገር። ከእሷ ካልሆነ ከሰጣት ሰው ነው» አለ።

ደጃፉ ሁሉ «ትናገር! ትናገር!» አለ። ሲጠይቁ የሚጠይቁት ዳኛው ናቸው፤ ሥርዓቱ ነው። አብዬ ሙስበሃቸውን ሲቆጥሩ ቆዩ። እኔ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቤንዚኑን ከማን አገኘሽው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ተደናግሬ አላውቅም። ጠያቂውም መልሱም እሳቸው ናቸው። «ከአንቱ» ብል ማን ያምነኛል? የጠርሙስ ቸርቻሪ የዳኛውን ስም አጠፋች ተብዬ በዚያው እወጣለሁ። ቢያምኑኝስ? አባቴን አጥበው የገነዙት እኚህ ሰው ናቸው፤ እንዴት ብዬ ሕዝብ መሀል አዋርዳቸዋለሁ? ደግሞስ እሳቸው ቀላቅለው ቢሆንስ? ደግሞስ እኔው ራሴ ቢሆንስ? ፊታቸውን አየሁ፤ ከፊታቸው የተረዳሁት ነገር ቢኖር እሳቸውም እንደኔ ግራ መጋባታቸውን ነው።

«ከሰው ነው» አልኩ።

ደጃፉ አጉረመረመ። ውሳኔው አጭር ነበር። እስከሚቀጥለው ጁምዓ ስሙን ከተናገርኩ ተናገርኩ፤ ካልተናገርኩ ቤታችን ከቅሬ ይወጣል። ውሳኔውን በአፋቸው ያሰሙት አብዬ ናቸው። ድምፃቸው አልወጣ ስላለ ሁለት ጊዜ ነበር የተናገሩት።

ስለራሴ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። እኔ ገና ነኝ፤ የመጣው ቢመጣ ኮምቦልቻ ወርጄ ሌላ ቅሬ እገባለሁ። እናቴ ግን አልጋ ላይ ናት። እግሯ በሚሄድበት ዘመን በዚህ ሰፈር የሞተችን ሴት ሁሉ ያጠበቻት እሷ ናት። ዝናብ ሆነ ብርድ፣ ጾም ሆነ ዒድ፣ ከተጠራች ሄዳለች። የጎረቤቴን እናት ያጠበችው እሷ ናት፤ የአብዬን ሚስት ያጠበችው እሷ ናት። አሁን እሷን የሚያጥባት፣ እሷን የሚያነሳት ሊጠፋ ነው፤ እኔ ደግሞ የአንድ ሰው ስም አፌ ላይ ተሸክሜ እዞራለሁ። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ ግን አላውቀውም ነበር። ሰሐን ሰበርኩ።

ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። መስኮቷን አስከፍታ ትተኛለች፣ ከመንገድ የሚመጣውን ድምፅ ሁሉ ታዳምጣለች፣ ትጠይቀኝም ነበር። «ምነው ዛሬ ባጃጅ አይሰማም?» ስትለኝ «ቤንዚን የለማ» እላታለሁ።

በሳምንቱ መሀል ከቢስቲማ አንድ የሚኒባስ ሹፌር መኪናውን በገመድ አስጎትቶ ከመካኒኩ ዘንድ መጣ። ቦቴው በመጣ ዕለት አመሻሽ እዚያው ማደያ ሰልፍ ላይ ነበር፤ ሞልቶ፣ ሰው ጭኖ ወደ ቢስቲማ ሲሄድ መንገድ ላይ መኪናው እንደ ባጃጆቹ ሳለ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ከማንም ጠርሙስ ገዝቶ አያውቅም። ሰውየው ሲጮህ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ወዲያው ሌላ ወሬ ተከተለ፤ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልስ አንድ ሚኒባስ ሐረጎ ላይ እንደዚሁ ሆኗል። ማደያው ውስጥ የሆነውም ተሰማ። ቦቴው የያዘው ናፍጣም ቤንዚንም ነበር፤ በዚያ ጨለምለም ባለ፣ ሰልፈኛው በሚጮህበት ሰዓት የናፍጣውን ቱቦ በቤንዚኑ ጋን አፍ ሰክተውት ነው። ጋኑን ለማስጠረግ ማደያው ተዘግቷል። መካኒኩ መዳፍ ላይ የተኛው ናፍጣ ነበር።

እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ደጋግሜ ታጠብኩ። ከዚያ ሻሼን አስሬ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ።

«ሰማህ አይደል?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። ማደያው ተሳስቷል» አለ። ፊቱ ግን አልተፈታም። «ማደያ በጀሪካን አይቀዳም፤ ክልክል ነው። ለመኪና ብቻ ነው የሚቀዳው። አንቺ መኪና የለሽም። ከሰፈራችን ያን ቀን የሞላ ደግሞ ከአብዬ በቀር የለም። ታዲያ ያንቺ ቤንዚን እንዴት የማደያው ይሆናል?»

እሱ ራሱ ተናግሮታል፤ አጠገቡ ደርሶ፣ በእጁ ነክቶት፣ አልፎት ሄደ። አብዬን መጠርጠር ጭንቅላቱ ውስጥ ቦታ የለውም። እውነቱ ወጥቶም ለእኔ አልደረሰኝም። ጁምዓ ደግሞ ደረሰ።

ያን ቀን ጠዋት እናቴን አገላብጬ ፊቷን እያጠብኩላት ነው።

«ዛሬ ነው አይደል?» አለች።

«ምኑ?»

«እኔ ያመመኝ ወገቤን ነው። ጆሮዬ ምን ሆነ?» አለችኝ። ከዚያ በእርጋታ፣ ሻይ እንደምታዘኝ ሁሉ፣ «ቃሬዛውን አስመጪልኝ። እሄዳለሁ» አለች።

«ቃሬዛ? እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ዛሬ ገና አባል ነን። ካስወጡን በኋላ ማን ይሰጥሻል?»

ከእሷ ጋር ተከራክሬ ረትቼ አላውቅም። ቃሬዛ ለሕመምተኛም ይሆናል፤ በገጠሩ እስከ ዛሬ በሽተኛ የሚወርደው በቃሬዛ ነው። ግን የቅሬውን ቃሬዛ፣ በዚያ ቀን፣ ለዚያ ጉዳይ! የቅርብ ጎረቤቴም የከሰሰኝም አንድ ሰው ስለሆነ እሱው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«ቃሬዛ እፈልጋለሁ።»

«ለማን?»

«ለእናቴ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ኢና ሊላሂ…» ሲል አቋረጥኩት።

«አልሞተችም! ስብሰባ ልትሄድ ነው።»

ጫማውን አጥልቆ ወጣ፤ ሌሎች ባጃጅ ነጂዎች ጠርቶ፣ ቃሬዛውን ይዞ መጣ። ባጃጃቸው ሁሉ ቆሞ ስለነበር ሥራ የያዘ አልነበረም። በጋቢና በአንሶላ ጠቀለልናት፤ ብርድ ነበር፤ ፊቷ ብቻ ቀረ። የከሰሱኝ ሰዎች እናቴን ተሸክመው፣ እኔ ከኋላ ተከትዬ፣ እኔ ወደምባረርበት ስብሰባ ሄድን። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያን ቀን አላሳቀኝም።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። መሀል አወረዷት። አብዬ መቀመጫቸውን ትተው መጡ።

«እማ፣ ምነው በዚህ ብርድ? አንቱን ማን አስነሣዎት?»

እናቴ አብዬን ከልጅነታቸው ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ አንተ ትላቸዋለች። «ልጄ፣ እኔ ዳኝነት አላውቅም፤ ምስጋና አለብኝ፣ ተናግሬ ልሂድ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ሰው ለመስማት ጠጋ ጠጋ አለ። «ይህ ሰው መኪናውን ግቢያችን ሲያስገባ ሞተሩን አጥፍቶ ነው። ሁልጊዜ። ያቺን ሕመምተኛ እንዳልረብሻት ብሎ ነው። የዛሬ ሳምንት ሳይሆን የዚያን ጊዜ፣ ቦቴው የመጣ ዕለት እንኳ፣ ሞልቶ ሲገባ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልሰማሁም። እንዲህ ያለ አዛኝ ሰው ዱንያ ላይ አለ ብዬ በየሰላቱ ዱአ ሳደርግለት ኖርኩ። ከሞትኩ በኋላ ማመስገን ስለማልችል ነው የመጣሁ።»

ሰው አሚን አለ። አብዬ አሚን አላሉም። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት፤ ራሳቸውን ባዶውን አይቼ ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰሉኝ።

«እማ፣» አሉ፣ «አጥፍቼው አይደለም። አይነሳም። ሞተሯ ሞቷል።» ወደ ሰዉ ዞሩ። «ያን ቤንዚን ለዚህች ልጅ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ከማደያው ሞልቼ፣ ግቢዋ ቀድቼ፣ የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ፊትም ስሸጥላት ነው የኖርኩ። ልትሸሽገኝ ብላ ነው ዝም ያለችው። መኪናዋን ደግሞ የገፋችሁልኝ እናንተ ናችሁ።»

ጎረቤቴ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሱ በቀኝ በኩል፣ ከኋላው መብራት አጠገብ ነበር ሁልጊዜ የሚገፋ። የገዛ ሞተሩን የሚያስነክሰውን ነገር ለማምጣት ትከሻውን ሰጥቶ ኖሯል። አብዬ ወደ መቀመጫቸው አልተመለሱም፤ እዚያው ሰዉ መሀል፣ ጎረቤቴ አጠገብ ተቀመጡ። «ዳኛ ፈልጉ» አሉ።

ከዚያ የሆነውን በሥርዓት ልነግራችሁ አልችልም፤ ሁሉም ባንድ ላይ ነው የተናገረ። አብዬ ይቀጡ የሚል አለ፤ ማደያው ይከሰስ የሚል አለ፤ እሷ ትውጣ ወይስ አትውጣ ብሎ የሚጠይቅ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እያለ የሚያለቅስ፣ የአብዬን መኪና ሞተር እኔ እሠራዋለሁ የሚልም ነበር። እኔ ደስ ይበለኝ ልዘን አላወቅኩም። አብዬን ሄጄ እጃቸውን ልስማቸው አማረኝ፤ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን ዝም ብለው ስላዩኝ ልጮህባቸው አማረኝ። ሁለቱንም አላደረግኩ። እናቴ አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በኋላ ስጠይቃት «ምኑን?» አለችኝ፤ ዐይኗን ሳየው የሕፃን ዐይን ነው።

«በርዶኛል» አለች ከመሀል። «ውሰዱኝ።»

ጫጫታው ባንዴ ቆመ። አብዬ ቀድመው ተነሥተው የፊቱን እንጨት በቀኝ ያዙ፤ ጎረቤቴ በግራ። ያነሷት ሰዎች ካመጧት ይበዙ ነበር። ሰዉ ሁሉ፣ ስብሰባውን ማንም ሳይበትነው፣ ከኋላ ተከተለ። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ሱቅ ያለው ከሱቁ ወጣ፤ ተቀምጦ የነበረው ተነሣ። የሚያየው ቃሬዛ ነው፤ ከኋላው ቅሬ ነው፤ ሌላ ምን ይመስለዋል? በእኛ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ ያየ መንገደኛ ባያውቀውም ጥቂት እርምጃ ትከሻውን ሳይሰጥ አይሄድም፤ አጅር አለው፣ አላህ ይከፍለዋል። እየመጡ ገቡ። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፤ አልሞተችም ብሎ የሚነግራቸው ጠፋ፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ለምን እንዳልነገርኳቸው እንጃ። እያለቀስኩ ነበር፣ ሳቄም ይመጣ ነበር።

ከፒያሳ በኩል የወረደ፣ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው መጥቶ ከጎረቤቴ እንጨቱን ተቀበለ። ጥቂት እንደተራመደ አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ማን ናቸው ያረፉት?» አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ከላይ ከጋቢው ውስጥ መልስ መጣ።

«ገና ነኝ ልጄ። ግን ተሸከም፤ አጅሩን ታገኘዋለህ።»

ሰውየው ክው አለ። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እንጨቱን ትከሻው ላይ አስተካከለና መራመዱን ቀጠለ።